ቤት ውስጥ ፋይል ለመገልበጥ ኢንተርኔት ማሳደግ? ተዉ እንጂ!

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ዛሬ ገርጂ አካባቢ አንድ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲተር ቤት ተጠርቼ ነበር። ልጁ በሥራው ጎበዝ ነው። ሳሎኑ ጥግ ላይ ባለ ሁለት ዲስክ ናስ (በቤት ኔትወርክ ፋይል የሚያጠራቅም ትንሽ ሰርቨር) አስቀምጧል፤ የቀረጸውን ሁሉ እዚያ ነው የሚያጠራቅመው። የአንድ ሠርግ ጥሬ ቪዲዮ 200 ጊጋባይት ገደማ ይሆንበታል፤ ከኮምፒውተሩ ወደ ናሱ ለመገልበጥ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል። ይህን ለአንድ «ባለሙያ» ቢያማክረው፣ ባለሙያው አፉን ሞልቶ «ኢንተርኔትህ ደካማ ነው፣ ፓኬጅህን አሳድግ» አለው። አሳደገ። የወር ክፍያው ጨመረ። አምስት ሰዓቱ ግን ያው አምስት ሰዓት ነው!

መገናኛ ጋ መንገዱ ተዘግቷል፣ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ።

ወገን፣ ኮምፒውተሩና ናሱ አንድ ቤት ውስጥ ናቸው። ፋይሉ ከኮምፒውተሩ ይወጣል፣ በኬብል ራውተሩ ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ናሱ ይገባል፣ አለቀ። ከግቢው በር አይወጣም። የኢንተርኔት መስመሩ እዚህ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው? ካላመናችሁኝ ኢንተርኔት በጠፋበት ቀን (አይጠፋም አትሉኝም መቼም) ፋይል ገልብጡና ፍጥነቱን እዩ። ያው ነው።

በሥርዓቱ ልሂድ።

1. መጀመሪያ ቁጥሩን አንብቡ። ፋይል ስትገለብጡ ዊንዶውስ ፍጥነቱን የሚነግራችሁ በሜጋባይት ነው። ራውተርና ስዊች ላይ የሚጻፈው ደግሞ ሜጋቢት ነው፤ ለ8 አካፍሉት። የ100 ሜጋቢት መስመር ጣሪያው 12.5 ሜጋባይት በሰከንድ ነው፣ በተግባር 11 ምናምን። የጊጋቢት ጣሪያው 125፣ በተግባር ከ110 እስከ 115። የልጁ ናስ 11 ላይ ተቸንክሮ ነበር፤ አይወርድም፣ አይወጣም። ይህን ያየ ቴክኒሻን ሌላ ምንም ሳይጠይቅ፣ የሆነ ቦታ ላይ መስመሩ በ100 እንደተያያዘ ማወቅ ነበረበት። 200 ጊጋባይት በ11 አምስት ሰዓት፣ በ110 ግማሽ ሰዓት። ሒሳቡ ይኸው ነው።

ሌሎቹም ቁጥሮች ይናገራሉ። 30 እና 40 መካከል ከሆነ ዲስካችሁ ሰርቨሩ ላይ የተሰካው በዩኤስቢ 2 ሳይሆን አይቀርም። እንደ ልብ ትርታ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ዋይፋይ ነው። በ110 ጀምሮ ከደቂቃዎች በኋላ ቁልቁል የሚወርድ ከሆነ ዲስኩ ነው። 110 ላይ ረግቶ የሚሄድ ከሆነ ምንም አልጎደለባችሁም፤ ተኙ።

2. ኬብሉ። እዚህ ላይ ታገሡኝ።

ሶፋውን ስበን ግድግዳው ላይ ያለችውን ሳጥን ፈታኋት። ኬብሉ ውስጥ ስምንት ሽቦ፣ ማለትም አራት ጥንድ አለ። ብርቱካናማውና አረንጓዴው ጥንድ ቦታቸው ገብተዋል። ሰማያዊውና ቡናማው ከላስቲኩ አፍ ላይ ተቆርጠዋል። በቃ፣ ምርመራው አለቀ። ለ100 ሜጋቢት ሁለት ጥንድ ይበቃዋል፦ 1፣ 2፣ 3 እና 6 ቁጥር። ጊጋቢት ግን አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል። ደረጃው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ትኩስ ዜና አይደለም። አራቱ ካልተሟሉ አብዛኞቹ ማሽኖች ጊጋቢቱን ትተው ወደ 100 ይወርዳሉ። «ስህተት» ብለው አይጽፉም፣ ቀይ መብራት አያበሩም። ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ዩቲዩብ ይከፈታል፣ ቴክኒሻኑ ብሩን ተቀብሎ ይሄዳል። ከሰማያዊውና ከቡናማው ጥንድ አንዷ ሽቦ ብቻ ኮኔክተሩ ውስጥ በደንብ ባትገባም ውጤቱ ይኸው ነው።

ለምን ይቆርጡታል? አንዳንዱ በአንድ ኬብል ሁለት መስመር አውጥቶ የሁለት ሊያስከፍል። አንዳንዱ ስምንት ቀለም መደርደር ስለሚሰለቸው።

ጉዱ በዚህ አላበቃም። የተቆረጠውን ሰማያዊ ሽቦ ልጬ በቢላ ጫፍ ፋቅ ፋቅ ሳደርገው ከሥሩ ብርማ ሆኖ ወጣ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም! ላስቲኩ ላይ ግን «ካት 6» ተብሎ በደማቁ ታትሟል። ሙያው ውስጥ ያላችሁ ሲሲኤ ስል ይገባችኋል። የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ከንፁህ መዳብ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። የካት 5ኢም የካት 6ም ደረጃ የሚጠይቀው መዳብ ነው፤ ስለዚህ «ካት 6 ሲሲኤ» ብሎ ነገር የለም፣ ላስቲክ ላይ የታተመ ውሸት ነው። አጭር ርቀት ላይ ይሠራል፣ ሰው የሚሸወደውም በዚህ ነው። ርቀቱ ሲረዝም ፍጥነቱ መዋዠቅ ይጀምራል፣ ታጠፍ ሲል ውስጥ ውስጡን ይሰበራል። በዚያው ኬብል መብራት የሚያገኝ የደኅንነት ካሜራ ካላችሁ ደግሞ ኬብሉ ይሞቃል፤ ይህ የፍጥነት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የእሳት ጉዳይ ነው።

ሻጩ ጋ ስትሄዱ «ኦሪጅናል ነው፣ ከፈለግክ ካት 7ም አለ» ይላችኋል። ለቤት ካት 7 ምን ያደርግላችኋል? ንፁህ መዳብ የሆነ ተራ ካት 5ኢ ጊጋቢትን እስከ 100 ሜትር ያደርሳል፤ 2.5 ጊጋቢትንም እንዲሁ። ቁጥሩን ተዉትና ሽቦውን ፋቁት። ወዲያ ወዲህ እጠፉት፤ አሉሚኒየም ቶሎ ቀንጠስ ይላል። ካርቶኑን ብድግ አድርጉት፤ 305 ሜትር መዳብ ክብደቱ ራሱ ይመሰክራል። ሻጩ አላስነካም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

በሻጩ ብቻ አልፈርድም ግን። ከኮሌጅ ለልምምድ የሚላኩልን ልጆች የቀለሙን ቅደም ተከተል እንደ ዳዊት ይደግሙታል። መስመሩ በስንት እንደተያያዘ የት ነው የሚታየው? ብላችሁ ጠይቋቸው። ዝም። የሠለጠኑት ከ1 እስከ 8 ተራ በተራ መብራት በምታበራዋ ርካሽ መሞከሪያ ነው። እሷ የምትናገረው ሽቦው እንዳልተቋረጠ ብቻ ነው፤ አሉሚኒየምም ሲሆን ስምንቱን መብራት ቦግ አድርጋ ታበራለች። ፈተናቸው በእሷ፣ ሰርተፊኬታቸው በእሷ። መምህሩስ ቢሆን ላቦራቶሪው ውስጥ ያለው ስዊች የ100 ሜጋቢት ሆኖ ጊጋቢትን በምን ያሳያቸው?

መሥሪያ ቤቶቹማ አይነሱ። የጨረታ ሰነዱ «ካት 6 ኬብል» ይልና የካርቶኑን ብዛት ጽፎ ያበቃል። ንፁህ መዳብ የሚል ቃል የለበትም። አነስተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል፤ መዳብ ይዞ የመጣው ነጋዴ ገና በር ላይ ይወድቃል። ዓመት ሳይሞላ «ሲስተም የለም» እየተባለ ባለጉዳይ ወንበር ላይ ያንቀላፋል፣ እኛም «ኔትወርኩን እዩልን» ተብለን እንጠራለን። አንድ የግዢ ኮሚቴ ሰነዱ ላይ «100 ፐርሰንት ንፁህ መዳብ» የሚል ሐረግ እንዲጨምር በደብዳቤ ብጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ውድድሩን ያጠባል» የሚል ነው። አጥብቡት እንጂ! ማጥበቡማ ነው ቁም ነገሩ!

እሺ፣ ተመለስኩ። ለልጁ የግድግዳውን ኬብል ትቼ በግድግዳው ጥግ መዳብ ዘረጋሁለት፣ ስምንቱንም አስገብቼ ክሪምፕ አደረግኩ። 112። ሌላ ምንም አልተነካም።

3. ፖርት። ኬብሉ ቢስተካከልም መሃል ያለው ዕቃ 100 ከሆነ ያው 11 ላይ ናችሁ። ብዙ ርካሽ ራውተሮች ካርቶናቸው ላይ «300» ይባልባቸዋል፤ እሱ የዋይፋዩ ነው፣ ከኋላ ያሉት ፖርቶች 100 ናቸው። የቲፒ ሊንክ ስዊች ስትገዙ የሞዴሉን ፊደላት አንብቡ፦ «ኤስኤፍ» የሚለው 100 ነው፣ «ኤስጂ» የሚለው ጊጋቢት። ራውተሩን መቀየር አያስፈልግም። ትንሽ ጊጋቢት ስዊች ገዝታችሁ ኮምፒውተሩንም ናሱንም እሱ ላይ ሰኩ፣ ከስዊቹ አንድ ኬብል ወደ ራውተሩ አውጡ። በሁለቱ መካከል የሚሄደው ፋይል ስዊቹ ውስጥ ያልፋል እንጂ ራውተሩን አይነካውም። በስንት እንደተያያዛችሁ ለማየት የኔትወርክ ካርዱን ስታተስ ክፈቱ፤ 1.0 ጊጋቢት ማለት አለበት።

4. ዋይፋይ። ናስን በዋይፋይ አታያይዙ። ላፕቶፑም ናሱም በዋይፋይ ከሆኑ እያንዳንዱ ነገር በአየር ላይ ሁለት ጊዜ ይጓዛል፣ ፍጥነቱ ግማሽ ይሆናል። ላፕቶፑ የግድ ከሆነ 5 ጊጋኸርዝ ላይ ይሁን፣ ራውተሩ ያለበት ክፍል ውስጥ። የብሎኬት ግድግዳ ቀልድ አያውቅም።

መንገዱ ተከፈተ፤ የቀረውን ያለ ቁጥር ልዘርግፈው።

በ110 ጀምሮ የሚወድቀው ዲስክ፦ ኤስኤምአር የሚባል የአጻጻፍ ስልት አለ፤ ዱካዎቹ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ይደራረባሉ፣ አንዱን ለመቀየር ጎረቤቱም አብሮ ይጻፋል። መጀመሪያ ላይ ጊዜያዊ ማከማቻው ይሸፍንለታል፣ ሲሞላ ይንፏቀቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለናስ በሚሸጠው «ሬድ» መስመሩ ውስጥ ሳያሳውቅ ኤስኤምአር ማስገባቱ ታውቆ ብዙ ጩኸት ተነስቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው «ሬድ ፕላስ» ተብሎ የተለየው። ስትገዙ ሲኤምአር፣ ማለትም ዱካዎቹ የማይደራረቡበት ዓይነት፣ መሆኑን በሞዴል ቁጥሩ አረጋግጡ።

ፎቶግራፈሮች ደግሞ «ቪዲዮ ይፈጥናል፣ ፎቶ ይንቀራፈፋል» ትሉኛላችሁ። ልክ ነው። ለእያንዳንዱ ፋይል ክፈት፣ ፍቀድ፣ ጻፍ፣ ዝጋ የሚል ምልልስ አለ። 40 ሺህ ትንንሽ ፋይል 40 ሺህ ጊዜ ይመላለሳል፤ አንቲቫይረሱም እያንዳንዱን ያሸታል። ሳትጨምቁ አንድ ዚፕ ውስጥ አስገብታችሁ ላኩት፣ ወይም ብዙ ፋይል ጎን ለጎን በሚልከው በሮቦኮፒ ተጠቀሙ።

የበሬ ወለደ ምክሮች፦ «ጃምቦ ፍሬም አብራ፣ እጥፍ ይሆናል» ይላሉ። የሚላከውን ፓኬት ትልቅ ማድረግ ነው፤ በጊጋቢት ላይ የሚያተርፈው 4 ፐርሰንት ገደማ ነው፤ መንገዱ ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ አንድ ዓይነት ካልተስተካከለ ደግሞ ጭራሽ ያቋርጠዋል። «ሁለት ኬብል አጣምር» ይላሉ። ተራው ማጣመር አንድን ፋይል በሁለት መስመር አይከፍለውም፤ የሚጠቅመው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠቀም ነው። ከሁሉም የባሰው ግን «ኤስኤምቢ 1ን አብራ፣ ይፈጥናል» የሚለው ነው። ያረጀ የፋይል መጋሪያ ፕሮቶኮል ነው፤ አይፈጥንም። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰው በዚያ በር ገብቶ ነው። የሰው ሠርግ ያለበትን ሰርቨር እንዲህ ክፍት አድርጎ የሚተው ሰው ራሱን ባለሙያ ባይል ደስ ይለኛል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አይፐርፍ 3 የሚባለውን ፕሮግራም በሁለቱም ጫፍ አሂዱ፤ ነፃ ነው፣ ዲስኩን ሳይነካ መስመሩን ብቻ ይለካል። 940 ሜጋቢት አካባቢ ከሰጣችሁ መስመሩን ተዉትና ዲስኩ ጋ ሂዱ። 94 ከሰጣችሁ ኬብሉንና ፖርቱን ፈትሹ። ውጤቱን ስትልኩልኝ ስክሪንሾቱን ሙሉውን ላኩ፣ የኬብሉን ጫፍ ፎቶም ጨምሩበት፣ ቀለሞቹ እንዲታዩ አድርጋችሁ። «ለምን ይዘገያል?» ብቻ ብሎ ለሚጽፍልኝ መልስ አልሰጥም።