«ያለ ወለድ» የተባለው ወለድ የት ሄደ?

በየወሩ 10ኛው ቀን ሲመጣ በእስራኤል በነስ ጺዮናም በጎረቤቷ ረሆቮትም የሚሰማው እሮሮ አንድ ነው፦ ደመወዝ ገባ፣ ካርዱ በላው። አሠሪው ደመወዝን እስከ ተከታዩ ወር 9ኛ ቀን ካልከፈለ በሕግ እንደዘገየ ይቆጠርበታል፤ ብዙው ካርድ ደግሞ የወሩን ሒሳብ በ10 ይሰበስባል። ስለዚህ ደመወዙ በባንክ የሚያድረው አንዲት ሌሊት ብቻ የሆነበት ቤት ጥቂት አይደለም። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የተጨማሪ እሴት ታክሱ ከ17 ወደ 18 በመቶ ማደጉም ቁጣውን አብሶታል። ቁጣው ተገቢ ነው፤ የሚወረወረው ግን ወደ ተሳሳተ ደጅ ነው። «የካርድ ድርጅቶቹ በታሽሉሚም (በየወሩ ተከፋፍሎ በሚከፈል ግዢ) አባብለው ወለድ ይጭኑብናል» የሚለው ማብራሪያ በየቦታው ይደገማል። ያለ ወለድ በሚባለው ታሽሉሚም ግን ለገዢው የሚያበድረው ካርድ ድርጅቱ ሳይሆን ሱቁ ነው። ይህ ካልተያዘ ወለዱ የት እንደተከፈለ ማግኘት አይቻልም።

ሶፋ እንውሰድ። ዋጋው 6,000 ሸቀል፣ ክፍያው በ12 ታሽሉሚም ያለ ወለድ። ገዢው በየወሩ 500 ይከፍላል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ባለሱቁም ገንዘቡን የሚያገኘው በየወሩ 500 እየሆነ መሆኑን ነው። ካርድ ድርጅቱ 6,000 ሸቀሉን ባንድ ጊዜ ቆጥሮ አልሰጠውም፤ መሀል ላይ ቆሞ ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው ያሸጋግራል፣ ለዚህም ኮሚሽኑን ይቆርጣል። ባለሱቁ ግን ሶፋውን ያመጣለትን አከፋፋይ «ዓመት ጠብቀኝ» ሊለው አይችልም፤ ኪራይ አለበት፣ አርኖና (የከተማ ግብር) አለበት፣ የሠራተኛ ደመወዝ አለበት። ስለዚህ ወይ ከራሱ ኪስ እየሸፈነ ይጠብቃል፣ ወይ የወደፊት ክፍያዎቹን በቅናሽ ሸጦ ገንዘቡን ቀድሞ ይወስዳል፤ ነጋዴዎች ኒካዮን የሚሉት ይህን ነው። የመጠበቂያው ዋጋ ለምሳሌ ያህል በዓመት 8 በመቶ ይሁን። የመጀመሪያው 500 ከወር በኋላ፣ የመጨረሻው ከዓመት በኋላ ስለሚገባ ገንዘቡ በአማካይ ስድስት ወር ተኩል ይጠበቃል፤ ወጪው 260 ሸቀል ግድም ነው። የካርዱ ኮሚሽን ሳይቆጠር ባለሱቁ እጅ የሚገባው 5,740 ይሆናል ማለት ነው። ይህን አስቀድሞ የማያሰላ ነጋዴ ሱቁን ብዙ ዘመን አይከፍትም፤ 260ው በዋጋው ወረቀት ላይ በተጻፈው 6,000 ውስጥ ተቀምጧል። ይባስ ብሎ፣ ያንኑ ሶፋ በዴቢት ካርድ በአንድ ክፍያ የሚገዛው ሰውም 6,000 ይከፍላል፤ እሱ ሳይበደር የሌላውን ብድር ወለድ ይሸፍናል።

መጠበቅ ርካሽ የነበረበት ዘመን ነበር። እስከ አፕሪል 2022 ድረስ የእስራኤል ባንክ ወለድ 0.1 በመቶ ነበር፤ በሜይ 2023 ግን 4.75 ደረሰ። ባንኮች ለብድር መነሻ የሚያደርጉት ወለድ፣ ፕራይም፣ ከ1.6 ወደ 6.25 ዘለለ ማለት ነው። በሱቁ መስኮት ላይ ያለው «ያለ ወለድ» የሚለው ጽሑፍ ግን ባለበት ቀረ። የመንግሥት ሠንጠረዦችን በሙሉ ልብ የማልቀበለውም በዚህ ምክንያት ነው። የካርድ ዕዳን ወለድ ያለበትና ወለድ የሌለበት ብሎ መክፈል በሕግ ቋንቋ ትክክል ነው፤ ኪስን ለሚያጠና ሰው ግን ሁለተኛው ዓምድ ባዶ አይደለም። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ቢሮ «የካርድ ግዢ አደገ» ሲልም እንዲሁ። ሕጉ ከኦገስት 2022 ወዲህ ከነጋዴ ጋር በሚደረግ ግዢ የጥሬ ገንዘብን ጣሪያ ወደ 6,000 ሸቀል አውርዶታል፤ ከጥሬ ገንዘብ ወደ ካርድ በተዛወረው ልክ ቁጥሩ ያድጋል፣ ቤተሰቡ አንዲት ዳቦ ሳይጨምር። የቤተሰብ ዕዳ ከብዙ ሀብታም አገሮች ያነሰ ነው የሚለው አማካይ ደግሞ በነስ ጺዮና ሳይንስ ፓርክ የሚሠራውን መሐንዲስና በረሆቮት ቂርያት ሞሼ የሚኖረውን የጽዳት ሠራተኛ በአንድነት ደምሮ የሚያካፍል ነው።

ወለዱ የሚገባበት ሌላው ቦታ የቤተሰቡ የባንክ ሒሳብ ነው። በየወሩ የ1,200 ሸቀል ዕቃ በ12 ታሽሉሚም የሚገዛ ቤት በመጀመሪያው ወር 100 ይከፍላል፣ በሁለተኛው 200፣ በሦስተኛው 300። ቀላል ይመስላል። በ12ኛው ወር 1,200 ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ በየወሩ ያው 1,200 ነው፣ እጅ በእጅ እንደሚከፍለው ሰው። በዓመቱ የ14,400 ሸቀል ዕቃ ገዝቶ የከፈለው 7,800 ነው፤ 6,600 ዕዳ ይዞ ወደ ሁለተኛው ዓመት ይሻገራል። እፎይታው አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ትርፍ የመሰለው ገንዘብ በሌላ ወጪ ከተበላ በ10ኛው ቀን ሒሳቡ ከዜሮ በታች፣ ወደ ሚኑስ፣ ይወርዳል። የካርዱ መግለጫ «ወለድ 0» ይላል፤ አልዋሸም። የሚኑሱን ወለድ ባንኩ ቆይቶ ይቆርጣል፤ ያኔ ከየትኛው ግዢ እንደመጣ የሚያስታውስ የለም። በ2017ቱ ሕግ መሠረት የካርድ ድርጅቶቹ ኢስራካርድ ከሃፖዓሊም ባንክ፣ የዛሬው ማክስ ከሌኡሚ ባንክ ከተለዩ ወዲህ ደግሞ ዜሮ የሚጽፈውና የሚቆርጠው የአንድ ቤት ሰዎች እንኳ አይደሉም።

«ዋጋ በሚንርበት አገር ክፍያን ማዘግየት ብልህነት ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተቃውሞው ክብደት አለው። 6,600 ሸቀሉን ለብቻው አስቀምጦ 4 በመቶ የሚያገኝ ሰው በዓመት 264 ሸቀል ይተርፈዋል። ለሚኑሱ 12 በመቶ የሚከፍል ሰው ደግሞ በዚያው ልክ ሚኑሱን ከቀነሰ 792 ሸቀል ወለድ ይድናል፤ ሒሳቡ ይበልጥ የሚፈርደው እንዲያውም ለድሃው ነው። ይህ ሁሉ የሚቆመው ግን ጠቅላላ ወጪው ካልጨመረ ነው፤ የታሽሉሚም ጠባይ ደግሞ 6,000ን 500 አስመስሎ ማሳየት ነው። ከዕቁብ ጋር እናስተያየው፤ እሱም ወለድ የለውም። ዕቁብተኛው ግን መዋጮው ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚያበቃ ያውቃል፣ ከአቅሙ በላይ ሌላ ዕጣ ልጨምር ቢል የሚያውቁት ሰዎች ፊት ነው የሚጠይቀው። አሥራ ሦስተኛውን ታሽሉሚም የሚከለክል የዕቁብ ዳኛ በካርድ ላይ የለም፤ ያለው የወጪ ጣሪያ ብቻ ነው፣ እሱንም ባንኩ ወይም ድርጅቱ ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

የካርድ ድርጅቶቹ ንጹሕ ናቸው ማለቴ አይደለም። ክሬዲት በሚባለው አከፋፈልና በየወሩ ቋሚ ድምር ብቻ በሚያስከፍሉት ካርዶች አበዳሪዎቹ እነሱ ራሳቸው ናቸው፤ ከ3,000 ሸቀል ወጪ 1,000 ሲከፈል የቀረው 2,000 ከነወለዱ ይንከባለላል። ሕጉ የወለዱን ጣሪያ ከእስራኤል ባንክ ወለድ በ15 ነጥብ ከፍ አድርጎ ወስኖታል፤ የባንኩ ወለድ 4.5 በነበረ ጊዜ 19.5 በመቶ ማለት ነው። ታዲያ ምን ይደረግ? ለሱፐርና ለአስቤዛ ዴቢት ካርድ ይበቃል፤ ታሽሉሚም ለማቀዝቀዣና ለልብስ ማጠቢያ ይቆይ። ትልቅ ዕቃ ሲገዛ «በአንድ ክፍያ በዴቢት ስንት ትለኛለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ነጋዴው ገንዘቡን ወዲያው ያገኛል፣ በካርድ ድርጅቶች መካከል የሚከፈለው ኮሚሽንም በዴቢት 0.25፣ በተራው ካርድ 0.5 በመቶ ነው። የእርጅና አበላቸው ከቢቱዋህ ለኡሚ (ከብሔራዊ መድን) በ28 የሚገባላቸው እናቶችና አባቶች ካርዳቸው በ10 የሚያስከፍል ከሆነ ገንዘቡ ከገባ በኋላ 12 ቀን ያህል ያለ ይመስላቸዋል፤ ቀኑን ወደ 2 ማስቀየር የሚችሉ ከሆነ ልጆቻቸው ባንኩን ወይም ድርጅቱን ቢጠይቁላቸው፣ ከአበሉ የሚተርፈውን ከወሩ መጀመሪያ ያውቁታል።