በቤት ውስጥ የማልሚያ ድንኳን ሙቀትን ስለመቆጣጠርና ተገቢውን ማራገቢያ ስለመምረጥ

ሰፊ ጓሮ የሌለው የከተማ ነዋሪ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ በሶብላ እንዲሁም የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ በክፍል ጥግ በሚተከል ድንኳን ውስጥ በመብራት ማልማት ይችላል። ድንኳኑ ብርሃን እንዳይባክን ውስጡ በሚያንጸባርቅ ሽፋን የተለበጠና በዚፕ የሚዘጋ ነው። ብርሃንን እንደሚይዝ ሁሉ ግን ሙቀትንና እርጥበትንም ይይዛል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የተደከመበት የቲማቲም ችግኝ ማራገቢያው በቆመበት በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጠወልግ ይችላል፤ በብድር የጀመረ አልሚ ደግሞ የሚያጣው ችግኙን ብቻ አይደለም። ይህ ማብራሪያ ማራገቢያ ከመገዛቱ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸውን ነጥቦች ይዟል።

ማራገቢያ ምን ይሠራል፣ ምንስ አይሠራም?

አንድ መብራት 200 ዋት ኤሌክትሪክ ከወሰደ፣ ያ ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ በመጨረሻ ወደ ሙቀትነት ተለውጦ በድንኳኑ ውስጥ ይቀራል። ይህ ለኤልኢዲ መብራትም ይሠራል። ኤልኢዲ የሚመረጠው ሙቀት ስለሌለው ሳይሆን፣ ተመሳሳይ ብርሃን ለመስጠት አነስተኛ ዋት ስለሚበቃው ነው።

ማራገቢያ ቅዝቃዜ አይፈጥርም። የሞቀውን አየር አስወጥቶ በምትኩ የክፍሉን አየር ያስገባል እንጂ። ስለዚህ በማራገቢያ ብቻ የሚሠራ ድንኳን ከሚገባለት አየር በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም። በተዘጋ ድንኳን ውስጥ የጠረጴዛ ቬንትሌተር ማስቀመጥ የሞቀውን አየር ከማማሰል ያለፈ ፋይዳ የለውም፤ የሞተሩ ሙቀትም ይጨመርበታል። በተመሳሳይ ምክንያት የሚወጣው አየር ወደዚያው ጠባብ ክፍል ከተለቀቀ ክፍሉ ራሱ ይሞቅና የሞቀው አየር ተመልሶ ወደ ድንኳኑ ይገባል። የማስወጫ ቱቦው እስከ መስኮት ወይም ወደ ውጭ እስከሚወስድ ቀዳዳ መድረስ አለበት።

ይህ ማለት ትንሹ የውስጥ ማራገቢያ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ቅጠሎቹን በስሱ እስኪያንቀጠቅጥ ድረስ የሚነፍስ አየር ግንዱን ያጠነክራል፤ በቅጠል ላይ የሚያርፈውን እርጥበት በማድረቅም ሻጋታን ይቀንሳል። ሆኖም ይህ ማራገቢያ የማስወጫውን ሥራ አይተካም።

ምን ያህል አየር ያስፈልጋል?

ዘወትር የሚሰጠው ምክር የድንኳኑ አየር በየደቂቃው አንድ ጊዜ ይለወጥ የሚል ነው። ወርዱና ቁመናው 1.2 ሜትር፣ ከፍታው 2 ሜትር የሆነ ድንኳን 2.88 ሜትር ኩብ አየር ስለሚይዝ፣ በዚህ ስሌት በሰዓት 173 ሜትር ኩብ ገደማ ይፈልጋል። ምክሩ ለመነሻ ይጠቅማል፤ ይሁንና ዋናውን የሙቀት ምንጭ መብራቱን ከግምት አያስገባም። በዚያው ድንኳን ውስጥ 100 ዋትም 400 ዋትም ሊሰቀል ይችላልና።

የተሻለው ስሌት የመብራቱን ዋት በ4 አባዝቶ፣ ድንኳኑ ከክፍሉ አየር በላይ እንዲሞቅ በሚፈቀደው የዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት ማካፈል ነው። ውጤቱ በሰዓት የሚያስፈልገውን አየር በሜትር ኩብ ይሰጣል። ለምሳሌ 200 ዋት መብራት ያለው አልሚ ከክፍሉ የ4 ዲግሪ ብልጫ ቢፈቅድ፣ 200 በ4 ሲባዛ 800፣ ለ4 ሲካፈል በሰዓት 200 ሜትር ኩብ ይሆናል።

እዚህ ላይ ለአገራችን ደጋማ ከተሞች የተለየ ጉዳይ አለ። ከላይ የተጠቀሰው 4 የሚሠራው እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላሉ ቦታዎች ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚሸከመው ሙቀትም በዚያው መጠን ያነሰ ነው። በባሕር ወለል ላይ ቢሆን ማባዣው 3 በሆነ ነበር፤ እንደ ሰመራና ጋምቤላ ባሉ ዝቅተኛ ቦታዎች 3.5 ቢወሰድ በቂ ነው። ስለዚህ በውጭ አገር ለዝቅተኛ ስፍራ የተዘጋጀ የማራገቢያ መምረጫ ሠንጠረዥ የሚከተል የአዲስ አበባ ነዋሪ በውጤቱ ላይ ሲሶውን መጨመር ይኖርበታል።

በማራገቢያው ላይ የሚጻፈው መጠን ቱቦም ሆነ ወንፊት ሳይገጠምለት የተለካ ነው። ቱቦው ሲረዝም፣ በተለይም ሲታጠፍ፣ የሚያልፈው አየር ይቀንሳል። በዚህም ምክንያት ከተሰላው ከሩብ እስከ ግማሽ ያህል የሚበልጥ መምረጥ ይገባል። ለምሳሌው ድንኳን በሰዓት ከ250 እስከ 300 ሜትር ኩብ ማለት ነው። አንዳንድ ዕቃዎች መጠናቸውን በሲኤፍኤም ይገልጻሉ፤ 1 ሲኤፍኤም በሰዓት 1.7 ሜትር ኩብ ነው።

ከገበያ ሲገዛ

በኩሽናና በመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የሚገጠመው አስፒራተር ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ አየሩን በቀጥታ ወደ ውጭ በሚያስወጣበት ቦታ ጥሩ ይሠራል። ረጅም ቱቦ ሲገጠምለት ግን ግፊቱ ስለማይበቃው የሚያስወጣው አየር በጣም ያንሳል። ቱቦ የግድ ከሆነ በቱቦ መሐል የሚገጠመውን ዓይነት መግዛት ያዋጣል። ትልቅ ማራገቢያን በዝቅተኛ ፍጥነት ማሠራት ትንሹን እስከ ጫፍ ከማስጮህ ይሻላል። ይሁን እንጂ ፍጥነቱን ለመቀነስ የመብራት ማደብዘዣ መጠቀም ሞተሩ እንዲያጓራና እንዲግል ሊያደርገው ስለሚችል ለሞተር የተሠራ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል።

በአሜሪካ ከሚኖሩ ዘመዶች የሚላክ ማራገቢያ ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት በመሆኑ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። ሶኬት ውስጥ ከመሰካቱ በፊት በዕቃው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል።

ሲገጠም ማስወጫው ከላይ፣ ማስገቢያው በተቃራኒው ጎን ከታች ይሁን፤ የማስገቢያው ስፋት የማስወጫውን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይሁን። የድንኳኑ ግድግዳ በመጠኑ ወደ ውስጥ ቢሳብ ማራገቢያው እየሠራ መሆኑን ያሳያል። ተስቦ ተክሎቹን የሚነካ ከሆነ ግን የማስገቢያው ቀዳዳ ጠቧል ማለት ነው። ማስገቢያው ላይ የሚደረገው ተባይ መከላከያ ወንፊት በአቧራ ስለሚደፈን በየሳምንቱ ይታይ።

ክፍሉ ራሱ ሲሞቅ

ወጪ የማይጠይቀው መፍትሔ መብራቱን በሌሊት ማብራት ነው። ተክሉ የሚፈልገው የተወሰነ ሰዓት ብርሃንና የተወሰነ ሰዓት ጨለማ እንጂ የፀሐይን ሰዓት አይደለም። በደጋማ ከተሞች ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ቀን ችግር የነበረው የመብራት ሙቀት ሌሊት ጥቅም ይሆናል።

በቆላማና ደረቅ አካባቢዎች ማስገቢያው ላይ ውኃ የጠጣ ጆንያ መስቀል የሚገባውን አየር በበርካታ ዲግሪ ያቀዘቅዛል፤ ውኃው ሲተን ሙቀቱን ከአየሩ ይወስዳልና። ይህ ዘዴ የሚሠራው አየሩ ሲደርቅ ብቻ ነው። በሐምሌና በነሐሴ በደጋ ቢሞከር ከማቀዝቀዝ ይልቅ እርጥበት ጨምሮ ሻጋታ ይጋብዛል።

እንጉዳይ ለሚያለሙ

እንጉዳይ እንደ ሰላጣ ብዙ ብርሃን ስለማይፈልግ የመብራት ሙቀት አያስቸግረውም። የሚያስቸግረው ራሱ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ግንዱ ረዝሞ ቆቡ ካነሰ ንጹሕ አየር አንሶታል። ነገር ግን ያለማቋረጥ የሚሠራ ማራገቢያ ክፍሉን ስለሚያደርቅ፣ በሰዓት መቆጣጠሪያ ለጥቂት ደቂቃዎች እየሠራ የሚያርፍ ትንሽ ማራገቢያ ይመረጣል። የሚወጣው አየር በዓይን የማይታይ የእንጉዳይ ብናኝ ስለሚይዝና ሳንባን ስለሚያስቆጣ ወደ መኝታ ክፍል መለቀቅ የለበትም። ምርት የሚለቅሙ ሰዎችም ጭምብል ያድርጉ።

ጥንቃቄ

መብራት ሲጠፋ የመብራቱና የማራገቢያው መስመር አንድ ከሆነ ሁለቱም አብረው ስለሚቆሙ አደጋው ያን ያህል አይደለም። አደገኛው ማራገቢያው በአቧራ ወይም በብልሽት ብቻውን ቆሞ መብራቱ ሲቀጥል ነው። ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ መብራቱን የሚያጠፋ ቴርሞስታት ለዚህ ይገጠማል። ማከፋፈያዎችን ከወለል ከፍ አድርጎ መስቀል፣ ውኃ በገመዱ ተከትሎ ወደ ሶኬቱ እንዳይወርድ ገመዱን ከሶኬቱ በታች ማጉበጥም ግዴታ ሊባል የሚገባው ጥንቃቄ ነው።

ተጨማሪ ምክር የሚፈልጉ ዜጎች በሚኖሩበት ወረዳ የሚገኘውን የግብርና ባለሙያ ማነጋገር ይችላሉ። ሲሄዱ የድንኳኑን ስፋት፣ የመብራቱን ዋትና የሦስት ቀን የሙቀትና የእርጥበት ልኬት ጽፈው ይዘው ቢቀርቡ ምክሩ ይፈጥናል። ልኬቱ ጠዋት፣ ቀትር ላይና ማታ፣ መለኪያውን በተክሉ ቁመት ልክና ከመብራቱ በተጋረደ ቦታ በማድረግ ይወሰዳል።