ሰኔን አምኜ ጋራ የወጣሁ ቀን

ሰኔ ሲጋመስ የኛ ቤት ስልክ ሥራ ይበዛበታል። ልጄ ከአዲስ አበባ ትደውልና «አባዬ፣ ትምህርት ሊዘጋ ነው፤ ልጆቹን ልላክልህ?» ትለኛለች። ከኋላዋ ሁለቱ የልጅ ልጆቼ እየተሻሙ «አባባ፣ ዘንድሮም ጋራ እንወጣለን?» ይላሉ። ጋራ የሚሉት ከሐረር በስተደቡብ ሆኖ ጀጎልን ቁልቁል የሚያየውን የሐኪም ጋራን ነው። እኔም «እንወጣለን» እላለሁ። ስልኩን ስዘጋ ግን የዛሬ ሦስት ዓመቱ ቀን ትዝ ይለኛል።

ያኔ ወንዱ 11 ዓመቱ፣ ሴቷ 7 ዓመቷ ነበር። የሰኔ ማብቂያ ነው። ጠዋቱ ብራ ነበር፤ ሰማዩ ላይ አንዲት ጉም አልነበረችም። ቁርስ በልተን፣ ጎረቤት ሰላም ብለን፣ ቡና ጠጥተን ስንነሳ አምስት ሰዓት ሆነ። ስህተቴ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው። ጫማቸው ሸራ ነው። ለብርድ ብዬ የያዝኩት አንድ ጋቢ ብቻ ነበር።

በመንገዳችን ላይ አንድ ደረቅ ፈፋ አለ። ስንሄድ ልጆቹ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ ተሻገሩት። ላይ ደርሰን ከተማዋን በጣታችን እየጠቆምን «ያ የኛ ሰፈር ነው፣ ያ መስጊዱ ነው» ስንባባል በስተጀርባችን ሰማዩ ጠቆረ። ነጎድጓድ ስሰማ «ገና ሩቅ ነው» አልኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዝናቡ ላያችን ላይ ወረደ።

እየተንሸራተትን ፈፋው ጋ ስንደርስ ውሃው ቀይ ሆኖ እየጮኸ ይወርዳል። ወንዱ ልጅ «አባባ፣ ጉልበት እንኳ አይደርስም» ብሎ ሱሪውን መጠቅለል ጀመረ። እውነቱን ለመናገር እኔም እንሻገር ብዬ ነበር። ማዶ እንጨት የተሸከመች አንዲት ሴት ሸክሟን ጥላ እጇን እያወዛወዘች ጮኸችብን። «አባ፣ ተው! ላይ ገና እየዘነበ ነው!» ቆምን። ብዙም ሳይቆይ አንድ ትልቅ ግንድ እየተገላበጠ ባጠገባችን አለፈ። ልጁ የሚሻገርበት ቦታ ላይ ነበር።

ውሃው እስኪጎድል ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ትንሿ ጋቢው ውስጥ ተጠቅልላ ስትንቀጠቀጥ ቆየችና ዝም አለች። ስጠራት አፏ እየተሳሰረ ነው የምትመልስልኝ። ስንሻገር ያቺው ሴት ቤቷ ወሰደችን፤ የረጠበውን አውልቃ የራሷን ልጅ ልብስ አለበሰቻትና ትኩስ ሆጃ በወተት ሰጠቻት። ልጅቱ ቀስ በቀስ መሳቅ ጀመረች። እኔ ግን ማታ ለእናቷ የምነግረውን ሳስብ እግሬ ከዳኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሰኔ ብዙ ጠይቄ ተምሬአለሁ። የሜትዮሮሎጂ ባለሙያዎች ዓመቱን በሦስት ይከፍሉታል፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ። የኛ ምሥራቅ በበልግም በክረምትም ዝናብ ያገኛል። ሰኔ በሁለቱ መሐል ስለሚወድቅ ብዙ ጊዜ ጋብ ይላል፤ የክረምቱ ጉልበት የሚታየው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ሰኔ የሚያታልለው ለዚህ ነው። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፣ ሞቃቱ አየር ጋራውን ይዞ ይወጣል፣ ወደ ላይ ሲሄድ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ ያወርደዋል። ስለዚህ የጋራ መንገድ የጠዋት ነው። እኛ አሁን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነስተን፣ የትም ብንደርስ አራት ሰዓት ላይ ፊታችንን እናዞራለን፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ቤት እንገባለን።

ርቀው የሚሄዱ ቤተሰቦችም አሉ። በጉርሱም በኩል ያለው የቆንዱዶ ተራራ በሜዳማ አናቱና እዚያ በሚኖሩት የዱር ፈረሶች ይታወቃል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተወለዱባት ኤጀርሳ ጎሮም በዚያው አካባቢ ናት። ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ሐረር ላይ በሸሚዝ የወጣ ልጅ እዚያ 7 ዲግሪ ያህል የቀዘቀዘ አየር ይጠብቀዋል፤ ነፋሱ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። በስልካችን የምናየው ትንበያ የከተማው ነው፤ የተራራውን አናት አይነግረንም። ከመነሳት በፊት የአካባቢውን ሰው ስለ መንገዱም ስለ ሰማዩም መጠየቅ፣ ቢቻል መንገድ የሚያውቅ ሰው ይዞ መሄድ ይበጃል።

ስለ ፈፋ ደግሞ እኛ የምሥራቅ ሰዎች ማስረሻ የሌለው ትምህርት አለን። በ1998 ዓ.ም. የሐምሌ ማብቂያ ሌሊት፣ በደጋው የዘነበው ዝናብ የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን አጥለቀለቀ፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ጎርፍ የሚመጣው እኛ ከቆምንበት ሳይሆን ከላይ ነው፤ ራሳችን ላይ አለመዝነቡ ዋስትና አይሆንም። የሚሮጥ ውሃ ከቁርጭምጭሚት ካለፈ ትልቅ ሰውም ይጥላል፤ ልጅ ይዞ መሻገር አይታሰብም። ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

መብረቅንም ልጆቹ መቁጠር ተምረዋል። ከብልጭታው እስከ ድምፁ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳይቆጥሩ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ወዲህ ነው፤ ያኔ ከአናቱ መውረድ ነው። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አይጠለሉም። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም ግማሽ ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል።

ጋቢ የምወደው ልብስ ነው፤ ግን ጥጥ ነው። ሲረጥብ ይከብዳል፣ ከገላ ላይ ሙቀት ይወስዳል። አሁን ለእያንዳንዳቸው የላስቲክ ዝናብ ልብስ፣ በፌስታል የታሰረ ቅያሪ ሹራብና ካልሲ፣ በፔርሙዝ ትኩስ ሻይ፣ ጥቂት ተምር እይዛለሁ። ጫማቸው ሶሉ ጥርስ ያለው ነው። ልጅ ሲንቀጠቀጥ ጉዞው አበቃ ማለት ነው፤ መንቀጥቀጡ ቆሞ ከደነዘዘና ንግግሩ ከተሳሰረ ግን «ሞቀው» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። እርጥቡን አውልቆ፣ በደረቅ ጠቅልሎ፣ በገላ አቅፎ፣ መዋጥ ከቻለ ትኩስና ጣፋጭ ነገር አጠጥቶ ወደ ሕክምና መውሰድ ያስፈልጋል።

ለልጄ ያን ማታ ሁሉንም ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በማግስቱ ደውላ ያለችኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጋራውን አትከልክላቸው፤ ሰዓቱን ግን ለነሱ ስጣቸው።» እንዳለችው አደረግኩ። ሰዓቱን የምታስረው ትንሿ ናት። አምና አናቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረን «አባባ፣ አራት ሰዓት» አለችኝ። ሰማዩ ብራ ነበር። ለመንኳት፣ አልሰማችኝም። ተመለስን።

በስምንት ሰዓት ዘነበ። እኛ በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣን ነበር።