«ካች ዝም ካለ ተሳክቷል» እና ሌሎች የኤችቲቲፒ ተረቶች

ተረት፦ ላይብረሪው ስህተት ካልወረወረ ጥያቄው ተሳክቷል፤ ከወረወረ ደግሞ ሰርቨሩ ላይ ምንም አልተሠራም።

ይህን እምነት በአፉ የሚናገር ሰው ጥቂት ነው፤ በኮዱ የሚናገረው ግን ብዙ ነው። ከሰርቨር ጋር የሚነጋገር የጃቫስክሪፕት ፕሮጀክት ስትከፍቱ በተደጋጋሚ የምታገኙት ይህንኑ ነው፦ «ዜን» ውስጥ «ተሳክቷል» የሚል አረንጓዴ መልእክት፣ «ካች» ውስጥ «አልተሳካም፣ እንደገና ይሞክሩ» የሚል ቀይ መልእክት። በሁለቱ መካከል ሌላ ምንም የለም።

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የኦንላይን መደብር በዚሁ ኮድ ሲሠራ አይቻለሁ። ዳታቤዙ በወደቀበት ሰዓት ያዘዙ ደንበኞች «ትዕዛዝዎን ተቀብለናል» የሚል አረንጓዴ መልእክት አዩ፤ መደብሩ ዘንድ ግን የተመዘገበ ትዕዛዝ አልነበረም። በሌላ ጊዜ ደግሞ ኔትወርክ ሲቆራረጥ «አልተሳካም» የተባሉ ደንበኞች የመክፈያውን ቁልፍ ደግመው ተጫኑ፤ ገንዘባቸው ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። የቡድኑ መልስ «ኔትወርኩ ነው» የሚል ነበር። ኔትወርኩ መቆራረጡ እውነት ነው፤ ለደንበኛው የዋሸው ግን ኮዱ ነው።

እምነቱ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። በ2006 የወጣው ጄይኩዌሪ ሰርቨሩ 404 ወይም 500 ብሎ ሲመልስ የስህተቱን ክፍል ይጠራል። ማት ዛብሪስኪ በ2014 የጀመረው አክሲዮስም እንዲሁ ነው፤ ካልቀየራችሁት በቀር የምላሹ ቁጥር ከ200 እስከ 299 ካልሆነ ፕሮሚሱን ውድቅ ያደርጋል። በእነዚህ ሁለት ላይብረሪዎች አፉን የፈታ ፕሮግራመር «መጥፎ መልስ ሁሉ ካች ውስጥ ይገባል» ቢል ተሞክሮው ያስተማረውን መናገሩ ነው።

ከ2015 ጀምሮ ወደ ብራውዘሮች የገባው ፌች ግን ስሌቱ ሌላ ነው። ፌች ፕሮሚሱን ውድቅ የሚያደርገው በዋናነት ምላሽ ማግኘት ሲያቅተው ነው፦ መስመሩ ሲቋረጥ፣ የሰርቨሩ አድራሻ ሳይገኝ ሲቀር፣ ብራውዘሩ ራሱ ምላሹን ሲከለክል፣ ወይም ጥያቄውን እናንተው ስትሰርዙት። ሰርቨሩ «የለም»፣ «አልፈቅድም»፣ «ተበላሽቻለሁ» ቢልም መልስ ሰጥቷልና ለፌች ጉዳዩ አልቋል። 404ም 500ም የሚገቡት በ«ዜን» በኩል ነው። ልዩነቱን የሚነግራችሁ ምላሹ ላይ ያለው «ኦኬ» የሚባል ዋጋ ነው፤ ቁጥሩ ከ200 እስከ 299 ከሆነ እውነት፣ ከዚያ ውጭ ከሆነ ሐሰት ይላል። እሱን ለማየት አንድ መስመር ኮድ ይበቃል። አረንጓዴ ውሸት የሚመጣው ያቺ መስመር ስትቀር ነው።

ሱቅ የተላከ ልጅ አስቡ። ፌች የሚነግራችሁ ልጁ መመለሱን ብቻ ነው። ስኳሩን ይዞ ይምጣ ወይም «አልቋል» ተብሎ ይምጣ፣ እጁን ማየት የላኪው ፋንታ ነው። ልጁ ሲዘገይ ደግሞ ገና አልከፈለም ማለት አይደለም፤ ከፍሎ በመንገድ ላይ ይሆናል። ይህን ሳያጣራ ሌላ ልጅ ሌላ ብር አስይዞ የሚልክ ሰው ሁለት ኪሎ ስኳር ቢመጣበት ባለሱቁን መውቀስ አይችልም።

ትዕግሥቴን የሚያስጨርሱኝ ጀማሪዎች አይደሉም። «አክሲዮስን አውጡት፣ ፌች ይበቃል፣ ቀላል ነው» እያሉ በአጭር ቪዲዮ የሚያስተምሩት ናቸው። ሁለቱን ኮዶች ጎን ለጎን ያሳያሉ፤ መስመሮቹ ይመሳሰላሉ፤ ተመልካቹም ቀይሮ ይሄዳል። ትናንት 500 ሲመጣ የሚነሣው «ካች» ዛሬ እንደማይነሣ ማንም አልነገረውም። ሙከራዎቹም ሁሉ ያልፋሉ፤ የሚፈትኑት ሰርቨሩ ደኅና የሆነበትን መንገድ ብቻ ነውና። ጥቂት ኪሎባይት ተቀነሰ፤ በምትኩ ስህተትን የማወቂያው መንገድ ጠፋ።

«ቀላል ላይብረሪ» የሚለው ስምም ስለዚህ ጉዳይ ምንም አይነግራችሁም። የሲንድሬ ሶርሁስ ካይ በፌች ላይ የተሠራ ትንሽ ላይብረሪ ነው፤ ግን ቁጥሩ መጥፎ ሲሆን ስህተት ይወረውራል። ጄሰን ሚለር የሠራው ሪዳክሲዮስ የአክሲዮስን ጠባይ ከአንድ ኪሎባይት በታች በሆነ ኮድ ለመምሰል የተሰናዳ ስለሆነ እሱም ይወረውራል። የዚሁ ሰው ሥራ የሆነው አንፌች፣ 500 ባይት ገደማ ያለው፣ የሚመስለው ግን ፌችን ነው፤ ስለዚህ አይወረውርም። አንድ ባለሙያ ሁለት ትናንሽ ላይብረሪዎችን ሠርቶ የሁለቱ ጠባይ ተቃራኒ ሆነ። ክብደት አንድ ነገር ነው፣ ጠባይ ሌላ።

ከሁለቱ ንድፎች የትኛው ይሻላል ብትሉኝ ቁርጥ ያለ አቋም የለኝም። አንድ ሰው የመረጠው የተጠቃሚ ስም ተይዞ እንደሆነ ስታጣሩ የሚመጣ 404 ስህተት ሳይሆን የምሥራች ነው፤ «ስሙ ነፃ ነው» ማለት ነው። እዚያ ላይ ፌች ልክ ነው። ክፍያ ላይ ግን 500ን እንደ ተራ ምላሽ ማሳለፍ ለአደጋ በር ይከፍታል። አቋሜ የጸናው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ የምትጠቀሙበት ላይብረሪ የትኛውን እንደሚያደርግ ሳታውቁ ኮድ አትልቀቁ።

«ኦኬ»ን ማየትም የመንገዱ መጨረሻ አይደለም። 202 የሚለው ቁጥር «ተቀብያለሁ፣ ገና እሠራዋለሁ» ማለት ነው እንጂ «ሠርቻለሁ» ማለት አይደለም። የግራፍኪውኤል ሰርቨሮች ብዙ ጊዜ 200 ብለው ይመልሱና ስህተቱን በምላሹ አካል ውስጥ በዝርዝር ያስቀምጣሉ። በዚያ ላይ የፌች ፕሮሚስ የሚፈታው የምላሹ ራስጌ እንደደረሰ ነው። አካሉ በሌላ ፕሮሚስ ይነበባል፤ መስመሩ መሐል ላይ ቢቋረጥ ሁለተኛው ፕሮሚስ ይወድቃል። ስለዚህ ቁጥሩም አካሉም ይነበብ።

አሁን ወደ እምነቱ ሁለተኛ ግማሽ፦ «ካች ከተነሣ ምንም አልተሠራም»። ገንዘብ ሁለት ጊዜ የሚያስቆርጠው ይህኛው ነው። ጥያቄው ከስልኩ ይወጣል፣ ሰርቨሩ ይደርሳል፣ ክፍያው ይፈጸማል፤ ምላሹ ሲመለስ ኔትወርኩ ይቋረጣል። ስልኩ ላይ ያለው ኮድ የሚያውቀው ምላሽ አለመምጣቱን ብቻ ነው። ጥያቄው በመሄጃው ይጥፋ፣ መልሱ በመመለሻው ይጥፋ፣ ከደንበኛው ወገን ሆኖ መለየት አይቻልም። የትኛውም ላይብረሪ፣ ከባዱም ቀላሉም፣ ይህን ሊነግራችሁ አይችልም።

የጊዜ ገደብ ነገሩን ያባብሰዋል። አክሲዮስ ካላዘዛችሁት በቀር የራሱ የጊዜ ገደብ የለውም፤ ፌችም የለውም፤ ካይ 10 ሰከንድ ይጠብቃል። 5 ሰከንድ ብላችሁ ወስናችሁ ባንኩ 7 ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ክፍያው በሰባተኛው ሰከንድ በሰላም ይጠናቀቃል፤ ደንበኛው ግን «አልተሳካም» የሚለውን ካነበበ ሁለት ሰከንድ አልፎታል።

እዚህ ላይ «በራሱ እንዲደግም አድርጉት» የሚል መካሪ አይጠፋም። ምክሩ ለንባብ ጥያቄ ጥሩ ነው። በኤችቲቲፒ መመዘኛ መሠረት ጌት፣ ፑትና ዲሊት ቢደጋገሙም ሰርቨሩ ላይ የሚኖራቸው ውጤት አንድ ጊዜ እንደተላኩ ያህል መሆን አለበት፤ ለፖስት ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የለም። ጥያቄ ከወደቀ በኋላ በራሱ እስከ ሁለት ጊዜ የሚደግመው ካይም ፖስትን ከሚደግማቸው ዝርዝር ያስቀረው ለዚህ ነው። ያንን ዝርዝር ከፍቶ «ኔትወርካችን ደካማ ስለሆነ» ብሎ ፖስትን የሚጨምር ሰው የደንበኛውን ኪስ መክፈቱ ነው።

መፍትሔው ያለው በላይብረሪው ውስጥ ሳይሆን በሁለቱ ወገኖች ስምምነት ነው። ለእያንዳንዱ ክፍያ አንድ ልዩ ቁልፍ ይፈጠራል፤ ከጥያቄው ጋር በራስጌ ይላካል፤ ሰርቨሩ ያንኑ ቁልፍ ደግሞ ካየ ክፍያውን ሳይደግም የመጀመሪያውን ውጤት ይመልሳል። ስትራይፕን የመሰሉ የክፍያ አገልግሎቶች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ቁልፉ መፈጠር ያለበት ለትዕዛዙ አንድ ጊዜ ነው፤ በእያንዳንዱ ሙከራ አዲስ ቁልፍ ከተፈጠረ ሰርቨሩ እንደ አዲስ ክፍያ ይቆጥረዋል፤ ድካሙም ከንቱ ይሆናል። ምላሹ ሲጠፋ ደግሞ ለደንበኛው የሚታየው መልእክት «ክፍያዎን እያጣራን ነው» ይሁን፤ ከዚያም ኮዱ የትዕዛዙን ሁኔታ በጌት ይጠይቅ። ያላወቁትን ነገር «አልተሳካም» ማለት ግምትን በእውነት ስም መሸጥ ነው።

የቀሩት ተረቶች ይህን ያህል ጉዳት የላቸውም፤ በአጭሩ እናንሣቸው።

ተረት፦ ትንሽ ላይብረሪ ጥያቄውን ያፈጥነዋል።
እውነታው፦ የሚፈጥነው ገጹ መጀመሪያ ሲወርድ ነው። በሞባይል ዳታ፣ በአሮጌ ስልክ ለሚከፍት ሰው ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም። ጥያቄው ከተላከ በኋላ ግን ጊዜ የሚወስዱት የመስመሩ ርቀትና የሰርቨሩ ሥራ ናቸው። ቀርፋፋ የዳታቤዝ ፍለጋን ላይብረሪ በመቀየር ያዳነ የለም።

ተረት፦ የኮርስ ስህተት ሲመጣ ሌላ ላይብረሪ ሞክር።
እውነታው፦ ኮርስ የብራውዘሩ ሕግ ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ሰርቨሩ በሚልከው ራስጌ ነው። አክሲዮስም ፌችም እኩል ይታገዳሉ። አንዳንድ ተራ የፖስት ጥያቄዎች ደግሞ ሰርቨሩ ደርሰው ሥራቸውን ከሠሩ በኋላ ምላሹ ብቻ ይከለከላል። እዚህም ስህተት መታየቱ «አልተሠራም» ማለት አይደለም።

ተረት፦ ጥያቄውን ከሰረዝኩት ሰርቨሩ ሥራውን ያቆማል።
እውነታው፦ አቦርት የሚያቆመው የእናንተን መጠበቅ ነው። ሰርቨሩ መቋረጡን እንዲከታተል ሆኖ ካልተጻፈ የጀመረውን ይጨርሳል። ፍለጋ ላይ አቦርት ጠቃሚ ነው፤ ለክፍያ መሰረዣ ግን አይሆንም።

ተረት፦ ፕሮሚስ ስለሆነ ጥያቄዎቹ ባንድ ጊዜ ይሄዳሉ።
እውነታው፦ በዙር ውስጥ «አዌይት» ያለበት ኮድ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን አይጀምርም። ባንድነት ለመላክ «ፕሮሚስ ኦል» አለ፤ አንዱ ሲወድቅ ወዲያው ውድቅ ይላል፣ ሌሎቹ ግን ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። የሁሉንም ውጤት የሚፈልግ ሰው በ2020 ወደ ቋንቋው የገባውን «ኦል ሴትልድ» ይጠቀም።

ተረት፦ ፌች ስላለ አክሲዮስ ሞቷል።
እውነታው፦ ሪኩዌስት የተባለው የኖድ ላይብረሪ በ2020 ጡረታ መውጣቱ እውነት ነው፤ ኖድም ከ2022 ጀምሮ በ18ኛው እትሙ ፌችን አብሮ ይዟል። አክሲዮስ ግን በ2024 ፌችን እንደ አንድ ማጓጓዣ ጨምሮ ቀጥሏል። ጥያቄዎችን በመንገድ ላይ ይዞ ለማስተካከልና ፋይል ሲጫን ምን ያህል እንደተጓዘ ለማሳየት አሁንም ይመቻል። ለሦስት የጌት ጥያቄ ግን አያስፈልግም።

ስለዚህ ላይብረሪ ስትመርጡ ክብደቱን ከመመዘናችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ 500 ሲመጣ ምን ያደርጋል? የጊዜ ገደቡ ስንት ነው? በራሱ የሚደግመው የትኞቹን ጥያቄዎች ነው? ከዚያ የሙከራ ሰርቨራችሁ 500 እንዲመልስ፣ እንዲዘገይ፣ ሥራውን ጨርሶ መስመሩን እንዲያቋርጥ አድርጉና መተግበሪያችሁ ለደንበኛው ምን እንደሚል አንብቡ። ይህን ሳያደርግ «ቀላል ነው፣ ቀይሩት» የሚል መካሪ ከመጣ፣ የሦስቱን ጥያቄዎች መልስ ከእሱ ተቀበሉ።