ስለ ተጎታች ቤት አቋቋምና ስለ ጎማው ታኮ

ሰው ከቤቱ ወጥቶ በሜዳ ሲያድር አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ማደሪያው ቦታ ነው። አባቶቻችን በጦር ሰፈርም ሆነ በመንገድ ድንኳን ሲተክሉ ውሃ የማይተኛበትን ደልዳላ ስፍራ ይመርጡ፥ ካስማውን አጥብቀው ይመቱ፥ ዙሪያውንም ለዝናቡ ቦይ ይቈፍሩለት ነበር። ይህችም አዲስ አበባችን በ1879 ዓመተ ምሕረት የተቈረቈረችው፥ ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ ወርደው ድንኳን ባስተከሉበት ሜዳ ነው።

ዛሬ ግን ድንኳኑ ጎማ አውጥቷል። ካራቫን የሚባለው ተጎታች ቤት፥ ለሽርሽር ብቻ ተብሎ ከተሠሩት የመጀመሪያው ነው የሚባለው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ዓመት በእንግሊዝ አገር ዶክተር ጎርደን ስቴብልስ ያሠሩት ነው፤ የሚጎትቱትም ፈረሶች ነበሩ። በእኛ አገር ይህ ቤት ገና ብዙ ባይለመድም፥ ልጆቹን ይዞ ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች ወይም ወደ ላንጋኖ ለሚወርድ ቤተ ሰብ አቋቋሙን ማወቅ ይገባል።

ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው ጐዳና የሚገኘው ነፋስ ስልክ፥ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ በነፋስ ከሚነጋገረው ስልክ ነው። ምድሩ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ሜዳ እያዘቀዘቀ ይወርዳል፤ አፈሩም በብዙ ስፍራ መረሬ ነው። መረሬ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፥ በበጋ ይሰነጠቃል። ማለዳ ቀጥ ብሎ የቆመ ጎማ ከአንድ ብርቱ ዝናብ በኋላ በአንድ ወገን ሰጥሞ ይገኛል።

በዚሁ ሰፈር ያየነውን እንንገር። አንድ ወዳጃችን ለጕዞ ሲሰናዳ ተጎታች ቤቱን በግቢው አቁሞ ሊሞክረው ወደደ። ታኮ ሳያደርግ፥ የእጅ ፍሬኑንም አላልቶ ስቦ፥ መንጠቆውን ከመኪናው ፈታው። ቤቱ ቀስ ብሎ ወደ አጥሩ ይንከባለል ጀመር፤ በደረጃውም ላይ የአራት ዓመት ልጁ ተቀምጣ ነበር። ሽማግሌው ዘበኛ የበሩን መደገፊያ ድንጋይ አንሥተው ከጎማው ሥር ጣሉት፤ ቤቱም ከአጥሩ ሁለት ክንድ ሲቀረው ቆመ። እናቲቱ ልጇን አቅፋ ስታለቅስ ዘበኛው፥ «ጌታዬ፥ እኔ በወጣትነቴ የካሚዮን ረዳት ነበርሁ። መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ከሁሉ በፊት የሚወርደው ረዳቱ ነው፤ ረዳቱም ከሁሉ በፊት የሚያወርደው ታኮውን ነው» አሉ። ወዳጃችን አንገቱን ከመድፋት በቀር መልስ አልነበረውም።

ስለዚህ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። አንደኛ፥ ቤቱ ከመኪናው ሳይፈታ የግራና የቀኙን ልክ አስተካክሉ። ግንበኞች የሚይዙትን ውሃ ልክ በወለሉ ላይ አግድም አስቀምጡ፤ ዝቅ ያለውንም ጎማ በሳንቃ ላይ አውጡት። በሁለቱ ጎማዎች መካከል 2 ሜትር ቢኖርና አንዱ ወገን በ10 ሳንቲ ሜትር ቢዘቀዝቅ፥ የሳንቃው ውፍረት ያው 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በመረሬ ላይ ሳንቃው ሰፊ ሊሆን ይገባል፤ ጠባቡ ይሰጥማልና።

ሁለተኛ፥ የእጅ ፍሬኑን አጥብቃችሁ ሳቡ፤ ከየጎማው ፊትና ኋላም ታኮ አግቡ። ሦስተኛ፥ ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ብቻ መንጠቆውን ፍቱ፤ ከፊት ያለችውን ትንሽ ጎማ ከፍ ወይም ዝቅ በማድረግም የፊትና የኋላውን ልክ አስተካክሉ። አራተኛ፥ አራቱን የማዕዘን እግሮች በጣውላ ላይ አውርዱ። እነዚህ እግሮች ቤቱ እንዳይወዛወዝ ለማጽናት ናቸው እንጂ እንደ ክሪክ ለማንሣት አይደሉም፤ በግድ ቢያነሡባቸው ይጣመማሉ፥ ወለሉንም ይጎዳሉ።

ቤቱ ደልዳላ መሆኑ ለእንቅልፍ ብቻ አይጠቅምም። በጋዝ የሚሠራው ማቀዝቀዣ በውስጡ ያለው ፈሳሽ በራሱ ክብደት እየወረደ የሚዞር ስለ ሆነ፥ ቤቱ ሲያጋድል መቀዝቀዙ ይቋረጣል፤ የሕፃኑም ወተት ይበላሻል።

ለመነሣት ሲሆን ሥራው ተገላቢጦሽ ነው፤ ቤቱ ከመኪናው ጋር በሚገባ ሳይያያዝ ታኮ አይነሣም። በዚህ ጊዜ ልጆች ከውስጥም ከደረጃውም ይራቁ። «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንደሚባለው፥ ጥንቃቄው ጎማው ሳይንቀሳቀስ ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናሳስባለን። ብዙ ሰው በመንገድ ዳር ለታኮ ያኖረውን ድንጋይ ትቶት ይሄዳል። ለእኛ ልጆች መዳኛ የሆነው ድንጋይ፥ በሌሊት ለሚመጣው መንገደኛ ልጆች መጥፊያ እንዳይሆን፥ ከመንገድ ላይ አንሥተን እንሂድ።