ተጨማሪ መረጃ፦ ስላቅና የአካል ጉዳት

ተማሪዎች ሆይ፣ ስለ ሥነ ቃል በተማራችሁት ላይ ይህን ጨምሩ። ላሊበሎች፣ ሐሚና ተብለውም የሚጠሩት፣ ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ በዜማ ምጽዋት የሚለምኑ፣ የሰጣቸውን የሚመርቁና የሚያወድሱ፣ የነፈጋቸውን ግን በስላቅ የሚሸነቁጡ ሰዎች ሲሆኑ፣ ዜማውን ያቋረጠ በሥጋ ደዌ ይያዛል የሚል እምነት ከአባቶቻቸው ወርዶ ሲከተላቸው ኖሯል።

ስላቅ ነቀፌታን በሣቅ ሸፍኖ የሚያቀርብ ንግግር ነው። ሁሉም ሕሙማን ባይሆኑም፣ የደዌው ስም ከማኅበረሰቡ ዳር ያቆማቸው እነዚህ ሰዎች ባለጸጋውን እንኳ በቃላቸው ኃይል ያስቁና ያሳፍሩ ነበር። ደዌው ግን በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በመድኃኒትም የሚድን እንጂ የዜማ ቅጣት አይደለም፤ ባክቴሪያውን ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. አግኝቶታል።

በዘመናችንም መናገር የማይችለው እንግሊዛዊ ቀልደኛ ሊ ሪድሊ፣ የጻፈውን በኮምፒውተር ድምፅ እያሰማ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የአገሩን ታላቅ የቴሌቪዥን የተሰጥኦ ውድድር አሸንፏል።

እናንተም በከሚሴና በአካባቢዋ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ስለ አካል ጉዳት የሚነገር ቀልድ ስትሰሙ፣ ጉዳተኛውን የሚያዋርድ ነውን ወይስ ከራሱ አንደበት የመነጨ? ለይታችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።