ምስጢርዎን ለማን አደራ ሰጡት?

በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ተገድበው በነበሩበት ወራት፣ ብዙ ሰው ቪፒኤን የሚባለውን ነገር ተማረ። ተማሪው ከጓደኛው፣ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ከጎረቤቱ እየጠየቀ በስልኩ ላይ ጫነው። ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። በሩ ከተከፈተ ወዲያ ምን ያስጠይቃል? ገደቡ ከተነሣ በኋላም መሣሪያው በየስልኩ ቀረ፤ ሻጮቹም የተዘጋ መክፈቻ ብቻ ሳይሆን የምስጢርም ዘብ ነው እያሉ ያስተዋውቁታል። አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ላነጋግርዎ የፈለግሁት ስለዚሁ ስለ ዘብነቱ ነው።

አሠራሩን በደብዳቤ ልመስለው። ስልክዎ ወደ አንድ ድረ ገጽ ሲሄድ ደብዳቤ እንደ ላከ ይቆጠራል። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ ደብዳቤውን ራሱ ስለሚያሽገው፣ አመላላሹ፣ ይኸውም ቴሌ ወይም የቡና ቤቱ ዋይፋይ፣ ውስጡን ማንበብ አይችልም፤ ለማን እንደ ተጻፈ ግን ከፖስታው ላይ ያያል። ቪፒኤን ይህን ፖስታ በሌላ ትልቅ ፖስታ ውስጥ ከትቶ፣ አሽጎ፣ በላዩ የራሱን የኩባንያውን አድራሻ ይጽፍበታል። ኩባንያው ትልቁን ፖስታ ከፍቶ ትንሹን በራሱ ስም ወደ ባለቤቱ ይልካል። ስለዚህ ቴሌ ከኩባንያው ጋር መነጋገርዎን እንጂ ከዚያ ወዴት እንደ ሄዱ አያይም፤ ድረ ገጹም የኩባንያውን አድራሻ እንጂ የእርስዎን አያገኝም።

መልካም ነው። ዳሩ ግን ትልቁን ፖስታ የሚከፍተው ማን እንደ ሆነ ልብ ይበሉ። ቴሌ ያይ የነበረውን ሁሉ አሁን የሚያየው ኩባንያው ነው። የቴሌን መሥሪያ ቤት ቢያንስ በየት በኩል እንደሚገቡበት ያውቁታል፤ ይህኛው ግን ስሟን ሰምተው በማያውቋት ደሴት የተመዘገበ ሊሆን ይችላል።

ከድጡ ወደ ማጡ እንዴት እንደሚኬድ የኦናቮ ታሪክ ያስረዳል (ከዚህ በኋላ ያለውን ዘመን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፈዋለሁ)። ኦናቮ ፌስቡክ በ2013 የገዛው የእስራኤል ኩባንያ ነው። «ኦናቮ ፕሮቴክት» የሚባል ነፃ ቪፒኤን ነበረው፤ ፕሮቴክት ማለት እንግዲህ መጠበቅ መሆኑ ነው። ሰዎችም ይጠብቀናል ብለው ጫኑት። እሱ ግን በየትኛው መተግበሪያ፣ ስንት ጊዜ እንደሚጠቀሙ እየመዘገበ ለፌስቡክ ያቀብል ነበር። የእንግሊዝ ፓርላማ በ2018 ያወጣቸው የፌስቡክ የውስጥ ወረቀቶች እንዳሳዩት፣ ፌስቡክ ዋትስአፕን በ2014 ከመግዛቱ በፊት የዋትስአፕን እድገት ሲመለከት የቆየው በዚሁ መስኮት ነው። አፕል ደንቤን ጥሷል በማለቱ ኦናቮ በ2018 ከአፕል ገበያ ወጣ፤ በ2019 ፌስቡክ ራሱ ዘጋው፤ በ2023ም የአውስትራሊያ ፍርድ ቤት እውነቱን ለተጠቃሚው በሚገባ አልገለጹም ሲል በሁለት የሜታ ንዑስ ኩባንያዎች ላይ በድምሩ 20 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት ወሰነ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ሰርቨር ኪራይ አለው፣ መስመር ዋጋ አለው፤ እርስዎ ካልከፈሉ ከፋዩ ማን ነው?

«እኔስ የምከፍለው ነኝ፤ ኩባንያዬም መዝገብ አልይዝም ብሎ ጽፎልኛል» ይሉኝ ይሆናል። ፒዩርቪፒኤንም የደንበኞቼን እንቅስቃሴ አልመዘግብም ይል ነበር። በ2017 ግን የአሜሪካ ኤፍ ቢ አይ በማሳቹሴትስ አንዲትን ሴት በኢንተርኔት ሲያሳድድና ሲያስፈራራ የኖረ ሰው ሲፈልግ፣ ኩባንያው አንድ ደንበኛ ከቤቱና ከሥራ ቦታው አድራሻ መግባቱን ከመዝገቡ አውጥቶ ሰጠ። ሰውየው መያዙ ደግ ነው፤ እሰየው። ነገር ግን መዝገቡ ነበረ ማለት ነው። በ2020ም ዩኤፍኦ ቪፒኤን የተባለው የሆንግ ኮንግ ድርጅት፣ መዝገብ የለኝም እያለ፣ የደንበኞቹን የይለፍ ቃልና የገቡበትን ሰዓት ጭምር የያዘ መዝገብ ያለ ቁልፍ ክፍት ትቶ ተገኘ። ሌባ መስበር አላስፈለገውም።

የተነገረው ቃል እውነት የሆነበት ጊዜም አለ። በሚያዝያ 2023 የስዊድን ፖሊሶች የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዘው ጎተንበርግ ወዳለው የሙልቫድ ቢሮ ገቡ። የደንበኞች መረጃ ያለበትን ኮምፒዩተር ሊወስዱ ነበር። ኩባንያው የሚፈልጉት ነገር ከመጀመሪያውም እንዳልተያዘ አስረድቶ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሙልቫድ ደንበኛውን በቁጥር እንጂ በስም ወይም በኢሜይል አያውቀውም፤ ገንዘቡንም በፖስታ ውስጥ በጥሬው ቢልኩለት ይቀበላል። ለኩባንያው ማስታወቂያ መሥራቴ አይደለም፤ ቃል የሚፈተነው ፖሊስ በር ሲያንኳኳ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ታዲያ ደጉን ከክፉው የሚለይልን ማን ነው? ብዙ ሰው «ምርጥ አሥር ቪፒኤኖች» የሚሉትን ገጾች ያነባል። እዚህም ላይ ጉድ አለ። ኬፕ ቴክኖሎጂስ የሚባለው ኩባንያ ቀድሞ ክሮስራይደር በሚባልበት ዘመን፣ ሳይፈለጉ ኮምፒዩተር ላይ የሚለጠፉ ማስታወቂያዎች በሚሠሩበት መሣሪያ ስሙ የተነሣ ነበር። ኋላ ሳይበርጎስትን፣ ዜንሜትን፣ ፕራይቬት ኢንተርኔት አክሰስን ገዛ፤ በ2021ም ኤክስፕረስ ቪፒኤንን በ936 ሚሊዮን ዶላር ጠቀለለ። በዚያው ዓመት ቪፒኤንሜንተር የሚባለውን፣ ቪፒኤኖችን እያወዳደረ ደረጃ የሚሰጠውን ገጽ ጭምር ገዛ። ባለ ሱቁና ዳኛው አንድ ሰው ሲሆኑ ፍርዱን ማን ያምናል? እኔ ከእንዲህ ያሉ ገጾች ይልቅ ባለቤቱ በስሙ የታወቀውን፣ ሥራውንም የውጭ መርማሪ መርምሮት ውጤቱ ለሕዝብ የወጣለትን እመርጣለሁ። የውጭ ምርመራም ቢሆን የሚመሰክረው ለተመረመረበት ቀን ነው።

ደግሞም ቪፒኤን ከርስዎ ከራስዎ አያድንዎትም። ቪፒኤኑን ከፍተው በስምዎና በይለፍ ቃልዎ ወደ ጉግል ወይም ፌስቡክ ከገቡ፣ በር ላይ ፊትዎን ሸፍነው ውስጥ ስምዎን የተናገሩ ያህል ነው። የአጭበርባሪ መልእክት ከፍተው የባንክ ቁጥርዎን ቢሰጡም ቪፒኤኑ ቁጥሩን አሽጎ በደኅና ለአጭበርባሪው ያደርስልዎታል። በሆቴል ወይም በአውሮፕላን ጣቢያ ዋይፋይ ላይ ሲሆኑ ግን፣ የመስመሩ ባለቤት ወዴት እንደሚሄዱ እንዳያይ ያደርጋል፤ ለዚህ ለዚህ ጥሩ ነው።

አሁን ስልክዎን ያውጡ። በማስተካከያው ውስጥ ቪፒኤን በሚለው ስም ሥር የተፈቀደላቸው ይታያሉ። የእያንዳንዱን ሠሪ ስም መተግበሪያውን ካወረዱበት ገበያ ላይ ይፈልጉት። ማን እንደ ሆነና በምን ገቢ እንደሚተዳደር ማወቅ ካልቻሉ ያጥፉት፤ ለዚያ ወራት በር መክፈቻ ብለው የጫኑትን በተለይ።